ውዱእ አለን ብለን አንዘናጋ

 

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ማታ ከመግሪብ በኋላ በነበረን ፕሮግራም ላይ አንድ ወንድማችን ስለ ውዱእ ትሩፋት አቀረበልን። ዝግጅቱ ጥሩ ነበር፣ አላህ ይቀበለው። ወደ መጨረሻው ግን «በቀን አምስት ጊዜ ፊቱን የሚታጠብ ሙስሊም የዓይን ማዝ አይነካውም፤ ሳይንሱም ገና አሁን ነው የደረሰበት» አለ። ሁላችንም ተክቢራ አሰማን። እኔም አሰማሁ። ዶርም ገብቼ ጋደም ስል ግን አያቴ ፊቴ ላይ መጣችና እንቅልፌ ጠፋ።

አያቴ የምትኖረው ደራ ወረዳ፣ ከወንዛዬ ፍል ውሃ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። እኔም ያደግሁት እሷው ጋ ነው፤ ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት እያልኩ። አያቴ ሶላት ስታሳልፍ አይቼ አላውቅም። በሻሿ ጫፍ ደግሞ አንዲት ወረንጦ ቋጥራ ትይዛለች። ልጅ ሳለሁ የእሾህ ማውጫ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዙህር ከሰገደች በኋላ ደጃፍ ላይ ወደ ብርሃን ዞራ ትቀመጥና የዓይኗን ቆብ በጣቷ ገለጥ አድርጋ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ፀጉር እየፈለገች አንድ በአንድ ትነቅላለች። ሲያቅታት «ና እስቲ ልጄ፣ ያንተ ዓይን ያያል፤ ይቺን አንዷን ንቀልልኝ» ትለኛለች። እጄ ሲንቀጠቀጥ «አብሽር» የምትለኝ እሷው ነበረች።

ታዲያ ወንድማችን ያለው እውነት ከሆነ አያቴ እንዴት ታመመች? ይህን የምጽፈው ወንድሜን ለማሳፈር አይደለም። ብዙዎቻችን እንደ እሱ እናስባለን፤ እንዲህ ማሰባችን ደግሞ በእጃችን ያለውን ሥራ እንዳንሠራ አዘናግቶናል።

ትራኮማ፣ በእኛ አጠራር የዓይን ማዝ፣ አንድ ቀን ይዞ በማግስቱ የሚያሳውር በሽታ አይደለም። ሥራውን የሚጀምረው በልጅነት ነው። ባክቴሪያው ከልጅ ዓይንና አፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንዴ ቢይዝ ይለቃል። እየተመላለሰ ሲይዝ ግን የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ያጠባስሰዋል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሰውየው ዓይኑን በጨፈነና በገለጠ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል። አያቴ ትልቅ ሴት ከሆነች በኋላ የጀመራት ሕመም መነሻው ገና ሶላት ሳትጀምር፣ አራትና አምስት ዓመቷ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሰባት ልጆች አሳድጋለች። የልጇን ዓይን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ በዚያው ነጠላ የራሷን ፊት ታብሳለች። በዓለም ዙሪያ የዓይን ፀጉር መቀልበስ ሴቶችን ከወንዶች በእጥፍ ገደማ የሚያጠቃውም ከሕፃናት ጋር የሚውሉትና የሚያድሩት እነሱ በመሆናቸው ነው ይባላል። ውዱእ የአያቴን ፊት ያጥባል። አጠገቧ የሚተኛውን የሦስት ዓመት ልጅ ፊት ግን አያጥብም። በዲናችን ልጅ በሶላት የሚታዘዘው ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ባክቴሪያው ሰባት ዓመት አይጠብቅም።

የእኛ አካባቢ ደግሞ የበሽታው ዋና ቤት ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ሀገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ የአማራ ክልል ልጆች ከመቶ 62 ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። የአገሪቱ አማካይ 40 ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት «በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ አበቃ» ለማለት ከሚጠይቀው አንዱ ይህ ቁጥር ከ5 በታች እንዲወርድ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። ደቡብ ጎንደር በካርተር ማዕከል ድጋፍ ሥራው ቀድሞ ከተጀመረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮም በወባና በትራኮማ ዘመቻ መንደሩ በሙሉ ተሰልፎ ዚትሮማክስ ይውጥ ነበር። መድኃኒቱ የሚሰጠው በቁመት ልክ ስለሆነ ልጆች ከመለኪያው ዱላ ጋር ይቆማሉ። ያ ዱላ ሥር ቆመን ያደግን እዚህ ግቢ ብዙ ነን። እንዲያም ሆኖ ዛሬ በዓለም ላይ ትራኮማ በሚያሰጋው አካባቢ ከሚኖረው ሕዝብ ከግማሽ በላዩ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ሌሎች አገሮች እንዴት ተገላገሉት ብሎ መጠየቅ ይገባል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ያገኘሁት መልስ ግን ከሐኪሙ ይልቅ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው የሚያመለክት ሆኖብኛል።

እንግሊዝን እንውሰድ። በ1800ዎቹ መግቢያ ላይ ግብፅ ላይ የተዋጉ ወታደሮች ዓይናቸውን ታመው አውሮፓ ተመለሱ። ለንደን ውስጥ ዛሬም ስመ ጥር የሆነው የሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1805 የተከፈተው ከዚሁ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ነው። አሜሪካ ደግሞ ኋላ ላይ ኤሊስ ደሴት ላይ የስደተኛውን ሁሉ የዓይን ቆብ ገልብጣ እያየች ትራኮማ ያለበትን በመጣበት መርከብ ትመልስ ነበር። በሽታው ከአብዛኛው አውሮፓ እየጠፋ የሄደው ግን አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር ገበያ ላይ ሳይውል ነው። እንግሊዞች የሚኮሩበት፣ ለሁሉም በነጻ የሚያክመው የጤና አገልግሎታቸው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም ትራኮማ እዚያ የተለመደ በሽታ መሆኑ ቀርቶ ነበር። በመካከሉ የሆነው ነገር ቤቱ ሰፋ፣ ውሃው በቧንቧ ቤት ገባ፣ ልጁ በራሱ ፎጣ ታበሰ፤ ይኸው ነው።

ለወንድማችን አንድ ነገር ላስታውሰው፤ በዚህ በሽታ ጉዳይ እኛ ሙስሊሞች ልንኮራበት የምንችለው ታሪክ አለን። ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ባግዳድ ውስጥ ዐሊ ኢብኑ ዒሳ የተባለ የዓይን ሐኪም «ተዝኪረቱል ከሓሊን» በሚለው መጽሐፉ ይህንኑ በሽታ «ጀረብ» ብሎ ጽፎለታል። መጽሐፉ ለብዙ መቶ ዓመታት የዓይን ሐኪሞች መማሪያ ነበር። ያ ሰው በሽታው አይነካንም ብሎ አልተቀመጠም።

ከእንግሊዝ ይልቅ ያስገረመችኝ አውስትራሊያ ናት። ሀብታም ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ዜጋውን ሁሉ የሚሸፍን የጤና መድን አላት። ሆኖም ከበለጸጉት አገሮች መካከል ትራኮማ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የቀረባት እሷ ብቻ ነበረች፤ እሱም በረሃ ውስጥ ባሉት የነባር ሕዝቦች መንደሮች። መድኑ አለ፣ ሐኪሙ በአውሮፕላን ይመጣል፣ መድኃኒቱ አለ። በ1980ዎቹ አንድ ሐኪምና አንድ አርክቴክት ያሉበት ቡድን ወደ መንደሮቹ ገብቶ የበሽተኛውን ዓይን ሳይሆን የቤቱን ቧንቧ መመርመር ጀመረ። በብዙ ቤቶች ባደረጉት ምርመራ የሚሠራ ሻወር የተገኘው ከሦስት ቤት በአንዱ ገደማ ነው። ሰው ሁሉ «ነዋሪዎቹ ሰብረውት ነው» ይል ነበር። ሲታይ ግን አብዛኛው ብልሽት ጥገና ከማጣት፣ ቀሪውም መጀመሪያ በደንብ ካለመሠራቱ የመጣ ነው፤ ሰው ሆን ብሎ የሰበረው ጥቂት ነበር። የቡድኑ ሕግ ቤት ሲፈትሹ መፍቻ ይዞ መግባትና የተበላሸውን በዚያው ቀን መጠገን መጀመር ነበር። ይህን ሳነብ የሰፈራችን ፓምፕ ትዝ አለኝ።

ሰፈራችን የእጅ ፓምፕ አለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀዳበት አንድ ነው። ልጅ ሆኜ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር፤ «ውሃው ደርቋል» ተባለ። እናቶች ጉማራ ድረስ ጀሪካን አዝለው ይወርዱ ጀመር። በዚያ ዘመን ቤታችን ውስጥ ውሃ ሲከፋፈል ቅደም ተከተል ነበረው፤ መጀመሪያ ለወጥና ለእንጀራ፣ ከዚያ ለቡና፣ ከዚያ ለትልልቆቹ ውዱእ፣ ከዚያ ለጥጃዋ። የሕፃን ፊት ከጥጃዋ በኋላ ነው፤ ለእሱ የሚተርፍ ደግሞ የለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ባለሙያ መጥቶ ዘንጉን ሲያወጣው የተበላሸው አንድ ጎሚኒ ነበር። ከመዳፍ የማትበልጥ ጎሚኒ! ውሃው ምንም አልደረቀም። እኔን ምህንድስና ያስገባኝ ያ ቀን ነው ብል አልዋሸሁም።

እንግዳው ነገር ደግሞ፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ለመታጠብ ሰው ከሩቅ ይመጣል። ቁርጥማት ያለበት፣ ቆዳው የሚያሳክከው፣ ስንቁን ይዞ ይሰነብታል። ውሃ እንደሚፈውስ እኛ አገር የሚጠራጠር የለም። ጉና ከላያችን ነው፤ ከእሱ የሚነሱት ጉማራና ርብ ጣናን ይመግባሉ። ነገር ግን ለመዳን ብለን ሁለት ቀን ወደ ውሃ የምንጓዝ ሰዎች እንዳንታመም የምትበቃን አንዲት ጣሳ ውሃ ከቤታችን ትጠፋለች።

«እነ ዑማን ዘይት አላቸው፣ እኛን ከእነሱ ጋር አታወዳድር» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ዑማን እ.ኤ.አ. በ2012 ቀዳሚ ሆና ነው የተረጋገጠላት፣ ሳውዲም በ2022 ተከትላለች። ግን ሞሮኮ ዘይት የላትም። ትራኮማ በደቡብና በምሥራቅ ባሉት አምስት ጠቅላይ ግዛቶቿ፣ እነ ዛጎራና ኤራሺዲያ ላይ ሥር ሰዶ ነበር። ሞሮኮ ቀዶ ሕክምናውን፣ መድኃኒቱን፣ የፊት ንጽሕናውንና የአካባቢ ንጽሕናውን በአንድ ላይ አስኬደች። ከዚያው ጎን ለጎን በ1995 ለገጠር የውሃ ፕሮግራም ጀመረች። ሲጀመር ንጹሕ ውሃ የሚያገኘው የገጠር ነዋሪ ከመቶ 14 ገደማ ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ ከ80 በላይ ደረሰ። በ2016 ትራኮማን መገላገሏ ተረጋገጠ። ጋምቢያ ደግሞ ከእኛ የተሻለ ሀብት አላት የሚል የለም። እዚያ በየመንደሩ «የዓይን ወዳጆች» የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የሕፃናትን ፊት ያያሉ፣ የዓይን ፀጉሯ የተቀለበሰባትን ሴት ፈልገው ወደ ሕክምና ይልካሉ። ጋምቢያም በ2021 ተገላገለች።

ዝንቡንም ያጠኑት ጋምቢያ ላይ ነው። በልጅ ዓይን ላይ የሚያርፈው የዝንብ ዓይነት እንቁላሉን የሚጥለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ባለ መጸዳጃ ቤት አይራባም። ስለዚህ ተራ የጉድጓድ ሽንት ቤት እንኳ ዝንቡን ከልጁ ዓይን ያርቃል። ይህን ስሰማ የመድረሳችን ጀርባ ያለው ቁጥቋጦ ትዝ አለኝ፤ ዝርዝሩን ልተወው።

አሁን እውነቱን መደበቅ ስለማልፈልግ ከእኔ ሐሳብ ጋር የማይሄድ አንድ ነገር ልናገር። እዚሁ ክልላችን ዋግ ኽምራ ውስጥ 40 የመንደር ስብስቦችን ያካተተ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ግማሾቹ የውሃ ነጥብ፣ የመጸዳጃ ቤት ሥራና የፊት መታጠብ ትምህርት ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ እንዲቆዩ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ በልጆች ዓይን ላይ ያለው የባክቴሪያ መጠን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየበትም፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ይህን ሳነብ ሁለት ቀን ሐሳቤን ልተወው ነበር። በኋላ ግን እንዲህ አሰብኩ። አውሮፓ ላይ ትውልድ የፈጀ ነገር፣ ሞሮኮ ላይ ወደ ሃያ ዓመት የወሰደ ነገር በሦስት ዓመት ቢጠበቅ ምናልባት ቸኮልን። ውሃ መንደር መድረሱና ውሃ የሕፃን ፊት መድረሱም አንድ አይደለም፤ በመካከላቸው የአያቴ የቅደም ተከተል ሰልፍ አለ። ይህ የእኔ ግምት ነው። ከሙከራው በእርግጥ የምንማረው ቧንቧ ብቻውን ተአምር እንደማይሠራ፣ መድኃኒቱም ቀዶ ሕክምናውም መቀጠል እንዳለባቸው ነው።

ቀዶ ሕክምናውን በተመለከተ አልሐምዱሊላህ እኛም የምናመሰግንበት አለን። አያቴን ጤና ጣቢያ ውስጥ ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ በነጻ ሠርቶላታል፤ ከሰዓት በኋላ በእግሯ ቤቷ ገባች። ለዓመታት ፈርታ የቆየችው «ዓይኔን ያወጡታል» ብለው ስላስፈራሯት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2011 በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዷ ጎረቤታችን ፎገራ ነበረች። እንግዲህ በሕክምና ሥርዓት በኩል ከዜሮ አንነሳም። ይሁን እንጂ የመድን ደብተር የሚጠቅመው ከታመሙ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ከውጭ በእርዳታ ይመጣል፣ ባለፉት ዓመታት እንዳየነው መንገድ ሲዘጋ ዘመቻው ይስተጓጎላል። የመድረሳችንን በርሜል ግን የሚዘጋብን የለም።

ወደ መድረሳው ልመለስ፤ ነገሬ እሱ ነውና። እኛ ስንቀራ በየቀኑ ሉሓችንን የምናጥብበት ውሃ አይጠፋም ነበር። ኡስታዛችን ቀለሙ በደንብ ካልለቀቀ ይመልሱናል። ፊታችንን ግን ማንም አላየውም። የሚሰግዱት ትልልቆቹ ውዱእ ያደርጋሉ፤ እኛ ትንንሾቹ አፍንጫችን እየፈሰሰ፣ ዝንብ ዓይናችን ላይ እየተራኮተ «አሊፍ፣ ባእ» እንላለን። በየመንደሩ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በየማለዳው ተሰብስበው የሚቀመጡበት ቦታ ከመድረሳ ሌላ ስንት አለ? ያንን ሰዓት ብንጠቀምበት በሽታውን መነሻው ላይ እናገኘዋለን።

«ውሃ የለም» ለሚለው ትንሽ ስሌት ልሥራ። ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ሁላችንም ተምረናል። ሙድ ሁለት መዳፍ ሙሉ ነው፤ ከአንድ ሊትር ያነሰ፣ 0.7 ሊትር ገደማ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለ28 ሰው ውዱእ ይበቃል ማለት ነው። ፊት ብቻ ለማጠብ ደግሞ የዚያ ሩብ ይበቃል። መቶ ልጅ ያለው መድረሳ በቀን አንድ ጀሪካን ይጠይቃል ብለን እንያዝ። እዚህ ደብረ ታቦር በታኅሣሥ ለሱብሒ ቧንቧውን ከፍተን ብርዱን እስክንለምደው ድረስ የምናፈሰው ከዚያ ይበልጣል!

ስለዚህ ጀመዓችንን የምጠይቀው ይህ ነው። ዘንድሮ የሰበሰብነውን ሰደቃ ለባነርና ለመድረክ ማስጌጫ ከማዋላችን በፊት እንየው። ለእረፍት ወደየገጠሩ ስንሄድ እያንዳንዳችን በቀራንበት መድረሳ የውዱእ ቦታውን እንይ፦ በርሜሉ ቧንቧ አለው ወይ፣ ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል፣ ሽንት ቤት አለ ወይ፣ አንድ ፎጣ ነው ወይ ሁሉም የሚያብስበት። አዲስ ግንባታ እንጀምር አላልኩም። የተበላሸውን ነው የምለው፤ ጎሚኒ፣ የቧንቧ እጀታ፣ የተቀደደ ጎማ። የጤና ሳይንስ ተማሪ እህትና ወንድሞቻችን ከኡስታዞቹ ጋር ተነጋግረው ልጆቹ ሉሕ ከመያዛቸው በፊት ፊታቸውን እንዲታጠቡ ያስለምዱ፤ የዓይን ፀጉራቸው የተቀለበሰባቸውን እናቶችም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይጠቁሙ። እኛ የምህንድስናዎቹ መፍቻውን እንይዛለን። ወንድማችንም የውዱእ ትምህርቱን እዚያው በመንደር ቢደግመው ደስ ይለኛል፤ ስለ ሕፃናቱ ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ከጨመረበት።

ከፈተና በፊት ባለው ጁምዓ መስጂድ በር ላይ ዝርዝር እንለጥፋለን፣ ኢንሻአላህ። የመድረሳችሁን ቀበሌና የጎደለውን ነገር ጻፉበት። የእኔን የመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፌዋለሁ፤ «በርሜል አለ፣ ቧንቧው ተነቅሏል» ይላል።